በሩ ወደ ምሥራቅ የሆነ ክፍል

መስከረም 22 ቀን 2018፣ ሮቤ

ይህ ደብተር ቁልፍ የሚያስቀርጹ ሰዎችን ስም የምመዘግብበት ነበር። ሌባ መጥቶ አስቀርጾኝ ቢሰርቅ እንዳልጠየቅ ብዬ ነው የጀመርኩት። ከሁለት ገጽ በኋላ ስንፍና ያዘኝ። የሮቤ ሌባ ደግሞ ቁልፍ አያስቀርጽም፤ አጥር ነው የሚዘለው። ከዛሬ ጀምሮ የቤት ፍለጋ መዝገብ ይሁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ የጽጌ ልጅ ሩሀማ ከዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዳ ወጣች። «ዊዝድሮ ሞላሁ» ነው የምትለው። በሚመጣው መስከረም ተመልሳ ትቀጥላለች። ለምን እንደወጣች አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ዶርም ለሚማር ብቻ ስለሆነ ሰቢሪና የምትባል ጓደኛዋ ከእህቷ ጋር በተከራየችው ቤት ተጠግታለች። ለሦስት ሰው አንድ ፍራሽ።

ጽጌ ከደሎ መና ደውላ «አንድ ዓመት ዝም ብላ ከምትቀመጥ መጥታ ሱቅ ትጠብቅልኝ» አለች። ሩሀማ ደግሞ «ከገባሁ አልወጣም» ትላለች። እህቴን ስለማውቃት ልጅቷ ልክ ናት። ዘንድሮ ማር፣ ከርሞ ቡና፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ደህና ቤተሰብ ያለው ልጅ ይገኛል፤ ትምህርቱ እዚያው ይቀራል።

በመጨረሻ ተስማማን። እስከ ኅዳር ሚካኤል ለሴት ልጅ የሚሆን ደህና ቤት ካገኘሁላት ሮቤ ትቆያለች። ካላገኘሁ ጽጌ በዕለቱ መጥታ ይዛት ትሄዳለች።

«አንተስ ጋ?» አለችኝ።

«የኔማ አንዲት ክፍል ናት። እሷም በማንኮራፋቴ ተይዛለች።»

«የጓሮዋስ?»

«ቁልፏ ጠፍቷል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «አንተ ቁልፍ ሠሪ አይደለህ እንዴ?» ይል ነበር። ጽጌ አላለችም።

መስከረም 25

ማሜን ያዝኩ። ማሜ የቤት፣ የበግና የባጃጅ ደላላ ነው፤ ሦስቱንም በአንድ ምላስ ያመሰግናል። «ጠንካራ ናት፣ ብርድ አይነካትም» ሲል ስለየትኛዋ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«አባ ቁልፊ፣ ፋያዳ? ደህና ነህ? ምን ዓይነት ቤት ልፈልግልህ?»

ነገርኩት። በሩ ወደ ምሥራቅ ይሁን፤ ጠዋት ፀሐይ እስከ አልጋው ድረስ ይግባ። ኮርኒስ ይኑረው፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሚያጠና ሰው እንዳይደነቁር። ወለሉ ሲሚንቶ። ቧንቧው ከበሩ ከአሥር እርምጃ አይራቅ። ግድግዳው ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ። መስኮቱ ሥር የኮክ ዛፍ።

ስልኩ ላይ እየጻፈ ይስቅብኝ ነበር። ዛፉ ጋ ስደርስ ቀና ብሎ አየኝና መጻፉን አቆመ።

«ዛፉ እንኳ ይቅር» አልኩት።

«እሺ፣ ዛፉ ይቅር» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ማሜ ቀስ ብሎ ሲናገር ደስ አይለኝም።

መስከረም 28

አንደኛ ቤት፣ ከከብት ገበያው ጀርባ። አከራዩ ጡረተኛ ናቸው፤ ደንባቸውን ካርቶን ላይ ጽፈው ሰቅለዋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም። እንግዳ የለም። ካውያ የለም። እሑድ ልብስ ማጠብ የለም።

«መተንፈስስ?» አልኳቸው።

«በልክ» አሉኝ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። በጣም ወደድኳቸው።

ሩሀማ እየሳቀች «ጋሼ፣ ይበቃኛል፤ ተው» አለችኝ። አንተ እንድትለኝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሕፃን ሳለች አንድ ጊዜ እርስዎ ብላኝ ሽማግሌ ሆኜ ዱላ ፍለጋ ግቢውን ዞርኩላት፤ ሁለቱም በሳቅ ወደቁ።

ሁለቱም ማለቴ ልጆቹ ናቸው።

በሩ ወደ ሰሜን ነው። አይሆንም አልኩ።

መስከረም 30

ባጃጅ ውስጥ። እኔ ከሹፌሩ ጎን ነኝ፤ ከኋላ ሁለት ሴቶች።

«ቁልፍ ሠሪው አይደለም?»

«እሱ ነው። አንዲት ልጁ ከፋሲካ በኋላ የሞተችበት። እናቷም በሕፃንነቷ ነው የሞተችው፤ ብቻውን ነው ያሳደጋት።»

«ትናንት ከሰው ጋር ሲቀልድ አየሁት እኮ።»

«ታዲያ ምን ያድርግ?»

ሰፈሬ ሳይደርስ ወረድኩ። በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው።

ጥቅምት 4

ሩሀማ ቀን ቀን ሱቄ ትመጣለች። ሱቅ ስል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሞርሳ፣ አንድ ዣንጥላ ነው። እጇ ጥሩ ነው። ያልተቀረጸውን ቁልፍ በሻማ ጭስ አጥቁሮ፣ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ፣ ጠምዝዞ ማውጣትን አሳየኋት። ጥላሸቱ የተፋቀበት ቦታ ላይ ነው መሞረድ። እኔ ይህን ማንም ሳያስተምረኝ ለመልመድ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ እሷ በሦስተኛው ሙከራ ከፈተች።

«ሌብነት ብትጀምሪ ያልፍልሽ ነበር» አልኳት።

«አንተን አስይዤህ ነዋ የምጀምረው።»

ነፋሱ ከሳነቴ ተራራ በኩል ይመጣል። ሰው ሁሉ ብርድ ብርድ ይላል። እኔ አልበረደኝም፤ ከሚያዝያ ወዲህ ብርድ አይሰማኝም። እሷ ግን እጇን ከጃኬት ኪሷ አታወጣም።

«ማታ ምን ትለብሻለሽ? ብርድ ልብስ የለሽም?»

«አለኝ። ሌላ ቦታ ነው ያለው።»

ሥራ ሲቀዘቅዝ አሮጌ ቁልፎች ያሉበትን የወተት ጣሳ ሰጠኋት። አስቀርጸው ያልወሰዷቸው፣ መንገድ ላይ የተገኙ፣ በራቸው የፈረሰ፤ ሦስት መቶ ያህል ይሆናሉ። «ዓይነት በዓይነት ለይልኝ» አልኳት። እስከ ማታ ለየች። በየክር አስራ መልሳ ጣሳው ውስጥ አስቀመጠችልኝ።

ጥቅምት 5

ሌሊቱን ትዝ አለኝ። ጣሳውን መስጠት አልነበረብኝም።

እውነቱን ልጻፍ። የጓሮው ክፍል ቁልፍ አልጠፋም። ከለቅሶው በኋላ ድንኳኑ የተነሣ ዕለት እኔው ራሴ ጣሳው ውስጥ ጥዬ በእጄ አማሰልኩት። ከዚያ ሁሉ መሀል የትኛው እንደሆነ ቢጠይቁኝ አላውቀውም።

አውቀዋለሁ። ጭንቅላቱ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል። «አንተ ሺ ቁልፍ አለህ፤ የኔ እንዳይምታታብህ» ተብሎ ነው የተቀባው።

ሩሀማ ሳታየው አትቀርም። ወይም አላየችውም። ምንም አላለችም። ጣሳውን ከፍቼ አላየሁም።

ጥቅምት 11

ማሜ ጎባ ላይ አንድ ቤት አገኘ። አከራዩ ጋሽ ሙሉሃብት የቀድሞ አስተማሪ ናቸው፤ የሚፈልጉት ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው ነው። ሦስታችን በሚኒባስ ሄድን። እነሱ ወረዱ፤ እኔ ግን አልወረድኩም። እስከ መናኸሪያው ሄጄ በዚያው መኪና ሮቤ ተመለስኩ።

ማታ ሩሀማ በስልኳ ያነሳችውን አሳየችኝ። በሩ ምሥራቅ ነው። ቧንቧው ስድስት እርምጃ ነው፤ ቆጥራዋለች። መደርደሪያ አለው። ዓይኗ ሌላ ዓይነት ሆኖ ነበር።

«ጎባ ይበርዳል» አልኳት።

«ሮቤስ?»

«መንገዱም ጥሩ አይደለም። ሚኒባሱ የሚቆምበት ቦታ ደስ አይልም።»

«የቱ ቦታ?» አለኝ ማሜ።

«ሆስፒታሉ በር።»

ማሜ ስልኩን ማየት ጀመረ። ሩሀማ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጠፋች። ሚያዝያ ላይ ዘጠኝ ቀን የተመላለስኩበት መንገድ ነው፤ አውቀዋለሁ። አቧራ ነው።

ጥቅምት 17

መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ዋለ። ምሽት ላይ መጣ። ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየኝ በጓሮው በር ሥር የሚወጣው ቢጫ የብርሃን መስመር ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ለሕክምና ስንወጣ አጥፍተን አልወጣንም። እነዚህ አዲሶቹ አምፖሎች ደግሞ አይቃጠሉም። ዕድሜ ልካችሁን ይሠራሉ ብሎ የሸጠልኝ ሰውዬ ያኔ የዋሸኝ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 22

ጥሩ ቤት ተገኘ። የወይዘሮ ወለተ ማርያም ግቢ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች። በሩ ምሥራቅ፣ ኮርኒስ ያለው፣ ንጹሕ። ሴትዮዋም ደግ ናቸው፤ በለቅሶው ሰሞን ሦስት ቀን ከቤቴ አልተለዩም። ሩሀማ ገብታ አልጋው የሚቀመጥበትን ጥግ በእርምጃ ለካች። ግድግዳውን በእጇ ነካ ነካ አደረገች። ማሜ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

እሷና ማሜ ቧንቧውን ሊያዩ ሲወጡ ወይዘሮ ወለተ ማርያም «ጠባይዋ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጠባይዋ ወርቅ ነው» አልኩ። «ብቻ በእንቅልፍ ልቧ ተነሥታ ትሄዳለች። ባለፈው በረንዳ ላይ ቆማ ለበጎቹ ስትናገር ነው ያገኘናት።»

«በስመ አብ!»

«በጎቹ እንኳ ምንም አላሏትም።»

ቀልድ ነበር። ሰውን ማስደንገጥ የልጅነት ልማዴ ነው። ያን ጊዜውኑ ስቄ «ቀልዴን ነው» ማለት ነበረብኝ፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የማደርገው። አፌን ከፈትኩ። እነሱ ተመለሱ። ዘጋሁት።

ጥቅምት 24

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሱቄ ድረስ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ።

«ልጄ፣ አትቀየመኝ። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ ሌሊት የምትነሣ ልጅ አልችልም። ጸበል ውሰዳት።»

«እማማ፣ ቀልዴን እኮ ነው።»

«በዚህ ይቀለዳል?»

«ይቀለዳል ብዬ ነበር።»

«ቤቱን ዛሬ ጠዋት ለአንዲት ነርስ ሰጥቼዋለሁ። ቃሌን አላጥፍም።» ሊሄዱ ዞር ብለው ተመለሱ። «አንተም የሟችን ልብስ እስካሁን ለነዳያን አልሰጠህም አሉ። ለሰማንያዋ ቀን ይሰጣል ብለን ጠብቀን ነበር። ደግ አይደለም።»

ሩሀማ ሞርሳው ጋ ቆማ ሁሉን ሰማች። ሞረዱን ጠርጋ አስቀመጠች። ቦርሳዋን ይዛ ሄደች።

ጥቅምት 25

አልመጣችም።

ጥቅምት 27

መጣች። «እንደምን አደሩ» አለችኝ። አደሩ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ዋለች፦ «ሞረዱን ያቀብሉኝ»፣ «ደንበኛ መጥቶልዎታል»። ዱላ ፍለጋ ተነሥቼ ጠረጴዛውን ዞርኩላት። አልሳቀችም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ሆን ብለው ነው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እሺ ይሁን።»

ለአንድ ደንበኛ አንድ ቁልፍ ሁለቴ አበላሸሁ።

ጥቅምት 30

ሦስት ቤት አየን። አንዱ ከመጠጥ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። አንዱ መስኮት የለውም። አንዱ ተይዟል። ዝናብ። የሰቢሪና አከራይ ሦስተኛ ሰው ይውጣልኝ ብሎ የአሥር ቀን ጊዜ ሰጥቷል። ምሳ የበላሁ ይመስለኛል።

ኅዳር 4

ማሜ ሱቄ መጥቶ ያልተቀረጹ ቁልፎች ሣጥን ላይ ተቀመጠ። የዕለቱን ቤት አልነገረኝም።

«ከእንግዲህ አልፈልግልህም» አለኝ።

«ድካምህን እከፍልሃለሁ አልኩህ።»

«የድካም ነገር አይደለም፣ አቦ። ያዘዝከኝን ቤት ሮቤን ገልብጬ ፈለግኩት። በሩ ምሥራቅ፣ ኮርኒስ፣ ሲሚንቶ፣ መደርደሪያ። እንዲህ ያለ ቤት በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። የኮክ ዛፍ ሁሉ አለው። ወላሂ፣ ኮርኒሱን ስትመታ መሰላሉን የያዝኩልህ እኔ ነኝ።»

ሩሀማ ሻማ ለመግዛት ሄዳ ነበር። ደግ ሆነ።

«ቁልፉ ጠፍቷል» አልኩት።

ማሜ ጣሳውን አየ። እኔን አየ። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ልጅቷ ደሎ መና ከሄደች ያንተ በር ነው የሰደዳት። በኋላ ከሰው ከምትሰማው እኔ ልንገርህ ብዬ ነው።» ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ዋል ሳይለኝ ሄደ።

ልከተለው ነበር። ደንበኛ መጣ።

ኅዳር 9

ጽጌ ደወለች። የአውቶቡስ ትኬቷን ቆርጣለች፤ ሐሙስ ተነሥታ ጎባ ዘመድ ቤት አድራ ዓርብ ጠዋት ትደርሳለች። ኅዳር ሚካኤል ዓርብ ነው።

«ቤት ተገኘ?»

«እየተፈለገ ነው።»

«ፍቅሬ፣ ሁለት ወር ሙሉ?» ድምጿ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። «አይዞህ፤ ተወው። እኔ እወስዳታለሁ። አንተንም ያሳርፍሃል።»

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያሳርፈኛል ያለችው ከምኑ እንደሆነ ቆይቼ አሰብኩ። ሩሀማ ከሄደች ጠረጴዛው ላይ እኔና ሞርሳው እንቀራለን። ማንም በዚያ በር አጠገብ አያልፍም። ደህና ነው ብዬ ለመጻፍ ብዕሩን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ።

ኅዳር 11

ይህን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሩሀማ ዕቃዋን በሁለት ፌስታል ይዛ ግቢዬ መጣች። ከለቅሶው ወዲህ ወደ ግቢዬ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው፤ እኔም ግቢ ብዬ አልጠራኋትም ነበር። በረንዳዬ ላይ ተቀመጠች።

«ነገ ከእማዬ ጋር እሄዳለሁ» አለች። «ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት ነው።»

«ምን?»

«ብርድ ልብሴን።»

አልገባኝም። እሷ ወደ ጓሮው በር አየች።

«ቅዳሜና እሑድ ስመጣ እዚህ አልነበር የማድረው? ብርድ ልብሴም፣ የሁለተኛ ዓመት ደብተሮቼም፣ ሹራቤም እዚያ ውስጥ ናቸው። ደብተር ሳይኖረኝ ክፍል ስቀመጥ ከጎኔ ያለው የእሷ ወንበርም ባዶ ነው። አልቻልኩም። ለዚህ ነው የወጣሁት።»

ሁለት ወር ሙሉ ብርድ ልብስ የለሽም ወይ ስላት፣ ነፋስ የሌለው ቤት ስመርጥላት፣ ሁለት ወር ሙሉ።

ገባሁና ጣሳውን አመጣሁ። በረንዳው ላይ ገለበጥኩት። ክር ክሩን ፈታሁ። የናስ፣ የብረት፣ የጓጉንቸር። ቀይ የለም። በሙሉ በረንዳው ላይ በተንኳቸው። የለም። አሁን በእውነት ጠፋ፤ ዋሽቼ ዋሽቼ እውነት ሆነ። ባዶውን ጣሳ ደግሜ አራገፍኩ።

ሩሀማ እጇን ከጃኬት ኪሷ አወጣች። መዳፏ ላይ ነበር። ቀዩ ቀለም ከመታሸት ብዛት ተላልጧል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጣሳውን ከሰጡኝ ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልከፈትሽም? እኔ ሳልኖር?»

«የኔ በር ነው እንዴ?»

ቁልፉን ተቀበልኩ። ሞቆ ነበር። ሄጄ ከተትኩት፤ አልዞረም። ሰባት ወር ያልተነካ ቁልፍ እንዲህ ነው። በጉልበት የሚያዞር ሰው ይሰብረዋል፤ ለሰው ሁሉ ይህን እመክራለሁ። የእርሳስ ጫፍ ጠርቤ ዱቄቱን ጥርሶቹ ላይ አሸሁ። እንደገና ከተትኩት። ሩሀማ ከኋላዬ ሆና አትተነፍስም ነበር።

ከፈትኩ።

አምፖሉ እንደበራ ነው። ፀሐይዋ ወደ ኋላ ዞራ ስለነበር ክፍሉ ውስጥ የነበረው የእሱ ብርሃን ብቻ ነው። አቧራ። መደርደሪያው። የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ አረንጓዴው የሩሀማ፣ ቡናማው የልጄ የምኞት። ምኞት ሁልጊዜ አልጋዋን አንጥፋ ነበር የምትወጣው፤ መብራት ግን አታጠፋም። ስንት ጊዜ ተጣልተናል።

ሩሀማ እጇን ወደ ማብሪያው ዘረጋች።

«ተይው» አልኳት። ተወችው።

አረንጓዴውን አንሥታ አራገፈችና ለአፍታ አቅፋ ቆመች። ከዚያ ልትወጣ በሩ ጋ ደረሰች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ሰቢሪና ጋ ላድር ነዋ።»

«የአዲስ ቤት ተከራይ ማታ ይጠርጋል፣ ጠዋት ይገባል። መጥረጊያው ከቧንቧው ጀርባ ነው። አሥር እርምጃ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ምናልባት ቀልድ መስሏት ይሆናል፤ እኔን ማመን ከባድ ነው። ቁልፉን ጃኬት ኪሷ ውስጥ መለስኩላት።

«ደንብ የለዎትም?» አለችኝ።

«መተንፈስ በልክ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ልቅሶ ሆነ። ጠረገች። እኔ በረንዳው ላይ ቁልፎቹን ስለቅም ቆየሁ። ስትጨርስ ለመጨረሻ ጊዜ ሰቢሪና ጋ አድራ ጠዋት ልትመጣ ሄደች።

ኅዳር 12

ጠዋት ከተማው ሁሉ ጭስ ነው። ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ሰው የግቢውን ጥራጊ አውጥቶ ያቃጥላል። እኔም የሁለት ወር ካርቶን አቃጠልኩ። የምኞትን ልብስ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ይዘውት ሄዱ፤ እኔ ነኝ የጠራኋቸው። ቡናማውን ብርድ ልብስ አልሰጠሁም።

ጽጌ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ፣ ማር ተሸክማ ገባች። ማሜ ነው ከመናኸሪያ ያመጣት፤ የቆላ ሴት በነፃ ያመጣሁ የመጀመሪያው ደላላ ነኝ ይላል። ጽጌ ገና ሰላም ሳትል ቤቱን መረመረች። ኮርኒሱን በዱላ መታች። ቧንቧውን ከፈተች። ፍራሹን ተጫነች። ጠዋት ስለነበር ፀሐይዋ እስከ አልጋው ገብታ ነበር።

«ጥሩ ቤት ነው» አለች ለልጇ። «አከራዩስ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ይዋሻል አሉ» አለች ሩሀማ። «ሌላ እንኳ ጠባዩ ደህና ነው። አንተ፣ ጋሼ፣ ምን ትላለህ?»

አንተ።

«በእንቅልፍ ልቡ ይሄዳል ብለውኛል» አልኩ። ጽጌ ወደ ግድግዳው ዞራ ሳቀች። ስትቆይ ግን ሳቅ አልመሰለኝም።

ማታ ጽጌ የኔ አልጋ ላይ ተኛች፤ እኔ መሬት አነጠፍኩ። እሷ ነገ ብቻዋን ትመለሳለች። ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። የጓሮው መብራት በርቷል።

«መብራት አጥፊ!» ብዬ ጮህኩ። አፌ ራሱ ነው ያወጣው፤ እንደ ድሮው፣ በዚያው ቁጣ።

«እሺ፣ ጋሼ» አለችና መብራቱ ጠፋ።

መብራት ሳይሄድብን ጓሮው ሲጨልም ከሚያዝያ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የኮኩ ዛፍ አይታይም፤ ነፋሱ ሲያንኳኳው ብቻ ይሰማል። ጥቂት ቆምኩ። በረደኝ። በጣም በረደኝ። ገብቼ የምኞትን ብርድ ልብስ ደረብኩ።